የእንግዳዋ አሥራ ሁለት ቀን

«የአያት ስም?» አለ ጌታሰው፣ እስክሪብቶውን ከቅጹ ላይ ሳያነሳ።

አምሳለ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ለሲስተር ሉዝ አስተላለፈች። ሲስተር ሉዝ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ቀና ብላ ጥቂት አሰበችና፣ እንደ ጨው ጫኝ ሲራራ ጭራው የማያልቅ አንድ ስም ተናገረች። አምሳለ ሰማችው፤ ልትደግመው አፏን ከፈተች፤ መሀል ላይ ጠፋባት።

«እህ?» አለ ጌታሰው።

«ትንሽ… የሚያስቸግር ስም ነው፣ ጋሼ።»

«ቅጹ የሰጠን ቦታ ደግሞ ይቺን ታህላለች።» በአውራ ጣቱ ጥፍር ለክቶ አሳያት። «እስኪ ጅራቱን ተይውና አናቱን ብቻ ንገሪኝ።»

ጌታሰው የቀበሌው ጸሐፊ ነው። ከደብረ ታቦር ተመድቦ ሰቆጣ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ሲሆን፣ በእነዚህ ሁለት ዓመታት የፈረንጅ ቅጽ ሲሞላ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ፈረንጅ ለማለትም ያስቸግራል፤ ሲስተር ሉዝ የመጣችው ከፊሊፒንስ ነው። ቁመቷ ከአምሳለ አይበልጥም፤ ፀጉሯ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ልጆች መንገድ ላይ ሲያይዋት «ቻይና! ቻይና!» ይሏታል፤ እሷም ዞር ብላ «ሀበሻ! ሀበሻ!» ትላቸዋለች። በበጎ ፈቃደኝነት የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሆና ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። የምትኖረውም የአምሳለ እናት የሺመቤት በምታከራያት የጓሮ ክፍል ውስጥ ነው።

አምሳለ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል፣ የከሰዓት ፈረቃ። በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ስለሆነች፣ ማንም ሳይሾማት የሲስተር ሉዝ አፍና ጆሮ ሆናለች። ሲስተር ሉዝ ጭራሽ አማርኛ የላትም ማለት አይደለም። አላት፤ ግን ሁሉም ከማዋለጃ ክፍል የተለቀመ ነው። «አይዞሽ»፣ «ተንፍሺ»፣ «ግፊ»፣ «በቃ፣ በቃ፣ ወንድ ነው»። በዚህ ቋንቋ ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት መግዛት ያስቸግራል።

ቅጹ ቀጠለ። «ብሔር» በሚለው ላይ ሲስተር ሉዝ «የአባቴን ነው የእናቴን? ወይስ የሴት አያቴን?» ብላ ጠየቀች፤ ጌታሰው ዝም ብሎ ሰረዝ አሰመረበት። «የጋብቻ ሁኔታ» ላይ ሦስቱም ሳቁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እንደ ቅቤ ይንሸራተት ነበር።

ነገሩ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የሲስተር ሉዝ ፈቃድ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ያልቃል። ለማሳደስ አዲስ አበባ መሄድ አለባት፤ አዲስ አበባ የሚያስተናግዷት ደግሞ የምትኖርበት ቀበሌ «አዎ፣ እኛ ዘንድ ትኖራለች» ብሎ በማኅተም ሲመሰክርላት ነው። የወልድያው አውቶቡስ ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል። ያ ካመለጣት አለቀ፤ የላካት ድርጅት ጣጣ የሚባል ነገር አይወድም፣ አሳፍሮ ወደ አገሯ ይመልሳታል።

ጌታሰው ወረቀቱን ገለበጠና ፊቱን ቋጠር አደረገ።

«አንድ ነገር ቀርቷል። የልማት ቀን።»

አምሳለ ሲስተር ሉዝን ሰረቅ አድርጋ አየቻት።

«በዓመት አሥራ ሁለት ቀን እርከን ያልሠራ ነዋሪ ደብዳቤ አያገኝም። ለእኔም፣ ለሊቀ መንበሩም ያው ነው» አለ ጌታሰው። «የጤና ጣቢያውን ዝርዝር አይቻለሁ፤ ደመወዝተኞቹ ብቻ ናቸው ያሉበት። እሷ ደመወዝተኛ ስላልሆነች የምትቆጠረው ከሰፈራችሁ ጋር ነው። የሰፈራችሁን ደብተር የሚይዘው ማን ነው?»

«አያ ደጅይጥኑ ናቸው አለቃው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። የሚጽፈው ማን ነው ነው ያልኩሽ።»

አያ ደጅይጥኑ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። «እኔ» አለች አምሳለ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ታዲያ ስንት ቀን ሠርታለች?»

«ምንም።»

ጌታሰው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ሳቅ የተናነቀው ይመስል ነበር። «እንግዳ ናት ብላችሁ ነዋ! አየሽ አምሳለ፣ እንግዳ ከሆነች የነዋሪነት ደብዳቤ ምን ያደርግላታል? ነዋሪ ከሆነች ደግሞ ቀኗን ትሥራ። አንዱን ምረጡ። ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚሁ ነኝ።»

ሲስተር ሉዝ አንዴ የእሱን አንዴ የአምሳለን ፊት ስታይ ቆየችና «ምን አለ?» አለች።

«አንድ ወረቀት ጎድሏል» አለች አምሳለ በእንግሊዝኛ። «አስተካክለዋለሁ።»

ሲስተር ሉዝ አመነቻት። ሁልጊዜም ታምናታለች፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነበር።

ምክንያቱም ከወር በፊት፣ የእርከን ሥራው ሲጀመር፣ አያ ደጅይጥኑ በየደጁ እየዞሩ ሰው ሲጠሩ ሲስተር ሉዝ በራፏ ላይ ቆማ ነበር። «ምንድነው የሚሉት?» ብላ ጠይቃታለች። አምሳለም ትንሽ እንኳ ሳታቅማማ «ምንም አይደለም፣ የሰፈር ስብሰባ ነው፤ አንቺን አይመለከትም» አለቻት። ክፋት አልነበረበትም። እንግዳ ድንጋይ ሲሸከም የትም አይታ አታውቅም። አያ ደጅይጥኑ ራሳቸው የሲስተር ሉዝን ስም ደብተሩ ላይ ካስጻፉ በኋላ «ለወጉ ያህል ነው፤ እንዳትጠሪያት» ብለዋታል። እንዲህ እየተባባሉ፣ ለእንግዳዋ እየተጠነቀቁ፣ ከአገር ሊያስወጧት ደረሱ።

ያን ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ደወል ሳይደወል፣ አምሳለ ነገሩን ለጓደኛዋ ለማዕረግ ነገረቻት። ማዕረግ አንድ ቆሎ ወደ ላይ ወርውራ በአፏ ቀለበች።

«ደብተሩ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ።»

«እስክሪብቶውስ?»

«እኔ ጋ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የጨነቀሽ? አሥራ ሁለት ጊዜ ራይት ማድረግ ነው! የሒሳብ ቲቸር የቤት ሥራ ሲያርም እንኳ ከዚህ በላይ ይለፋል።»

«ውሸት እኮ ነው።»

«ፋራ አትሁኚ በናትሽ! ማንን ይጎዳል? ተራራው ይከስሻል?» ማዕረግ ሌላ ቆሎ ወረወረች፤ ይሄኛው አፍንጫዋን መታት። «ደሞ ብትሄድ የምታለቅሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም።»

እሱስ እውነቷን ነው። አምሳለን በሙሉ ስሟ የሚጠራት፣ ሐሳቧን የሚጠይቃት፣ መልሷንም ቁጭ ብሎ የሚሰማት ትልቅ ሰው ሲስተር ሉዝ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስኪ» ነው። ሲስተር ሉዝ ስትሄድ የጓሮዋ ክፍል ባዶ ሆና በራፏ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ታያት።

ደብተሩን ከፈተችው። ከሲስተር ሉዝ ስም ፊት ለፊት አሥራ ሁለት ባዶ ሣጥኖች ተሰልፈዋል። አንዷ ላይ ራይት አደረገች። ራይቷ አማረች፤ ከሌሎቹ በምንም አትለይም። እስክሪብቶውን ወደ ሁለተኛው ሣጥን ስትወስድ ግን ዓይኗ ከላይ ባለው መስመር ላይ ወደቀ። የጎረቤታቸው የእትየ አገኘሁሽ መስመር ነው። ሰባተኛዋ ራይት፣ እትየ አገኘሁሽ ጣቷን ድንጋይ መትቷት በነጠላዋ ጫፍ አስራ የዋለችበት ቀን ናት። ከዚያ በላይ የእናቷ መስመር አለ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እናቷ ወገቧን ይዛ ነው የጨረሰቻቸው። አምሳለ ገጹን እያየች ቆየች። እያንዳንዷን ራይት ታውቃታለች፤ እያንዳንዷ ላብ ላብ ትሸታለች። የእሷዋ አንዷ ብቻ ምንም አትሸትም።

«ሁለተኛውን አድርጊው እንጂ!» አለች ማዕረግ።

አምሳለ ደብተሩን ዘጋችው።

ማታ፣ ገና ሳይጨልም፣ ሲስተር ሉዝ ጓሮ ተቀምጣ ነጭ ጋወኗን በሳፋ ታጥብ ነበር። አምሳለ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። በእንግሊዝኛ የምትለውን ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ስታጠና መጥታለች፤ ስትደርስ ግን ያጠናችው ሁሉ በኖ ጠፋ።

«ያን ጊዜ ስብሰባ ነው ያልኩሽ… ስብሰባ አልነበረም።»

ሁሉንም ነገረቻት። የእርከኑን፣ የደብተሩን፣ የአንዷን ራይት፣ ጌታሰው ያለውን። ሲስተር ሉዝ ማጠቧን አቁማ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ አዳመጠቻት።

«ድንጋይ ማንሳት የማልችል መስሎሽ ነው?»

«አይደለም! እንግዳ ስለሆንሽ ነው። እኛ ጋ እንግዳ ድንጋይ አያነሳም።»

«ስምንት ወር ሙሉ?» አለች ሲስተር ሉዝ። «እንግዳ የሚባለው እስከ መቼ ነው?»

አምሳለ ለዚህ ነገር ማንም ሰው ቀን ሲቆርጥ ሰምታ አታውቅም።

«ሌላስ? ሰዎች ብለውኝ ያልነገርሽኝ ስንት ነገር አለ?»

አምሳለ መሬት መሬቱን አየች። ብዙ ነበር። ሰዎች ስለ እሷ የሚሉት ነገር ሁሉ በአምሳለ አፍ በኩል ሲያልፍ እየለሰለሰ፣ እየጣፈጠ፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ጤና ይስጥልኝ ብለውሻል» ይሆን ነበር። ሲስተር ሉዝ ጋወኗን ከሳፋው አውጥታ ጨመቀችው። ጋወኑ ከሚያስፈልገው በላይ ተጨመቀ፤ ውሃው የአምሳለን እግር አራሰው። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና፣

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?» አለች።

ቤት ውስጥ የሺመቤት ነገሩን ስትሰማ ብድግ አለች። «የቤቴ እንግዳ ድንጋይ ተሸክማ አገር ሊያያት? ነገ ሰው ምን ሊለኝ ነው? የሺመቤት ሰው አከራይታ ድንጋይ ታሸክማለች ነው የሚባለው!»

«እማየ፣ ካልሠራች እኮ ትሄዳለች።»

የሺመቤት ተቀመጠች። «እንግዲያው ጓንት ፈልጊላት» አለች በመጨረሻ።

ማክሰኞ ጠዋት ከከተማው ጀርባ ያለው ተዳፋት ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ፈሶ ነበር። አምሳለ ማንንም ሳታናግር በቀጥታ ወደ አያ ደጅይጥኑ ሄደች። ሽማግሌው ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸው ግን የሦስት ሰው ነው።

«አያ፣ ይቺ አንዷ ራይት ውሸት ናት። ትናንት ነው ያደረግኋት።»

አያ ደጅይጥኑ ደብተሩን ገልብጠው ያዙና ትክ ብለው አዩት። «የትኛዋ?»

«ይቺ።»

«ከሌሎቹ በምን ትለያለች?»

«በምንም።»

«እንግዲያው ዛሬ ትሥራና እውነት ትሁን» አሉ ደብተሩን እየመለሱላት። «ሁለተኛ ግን እስክሪብቶሽ ከሰው እግር እንዳይቀድም።»

ነገሩ እንደታሰበው አልቀለለም። ሲስተር ሉዝ አንድ ድንጋይ ጎንበስ ብላ ስታነሳ፣ አንዱ ጎልማሳ «ኧረ በሞቴ!» ብሎ ሮጦ ነጠቃት። ሌላ አነሳች። እትየ አገኘሁሽ «ተይ እህቴ፣ ተይ!» እያለች ወሰደችባት። ሦስተኛውን ከደረቷ ጋር አጥብቃ ይዛ ሮጠች፤ ሁለት ልጆች ተከትለው ቀሟት። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትደክም ቆየችና አንድም ድንጋይ ካቡ ጋ አላደረሰችም። ሰፈሩ በሙሉ ከራሱ ሥራ ሌላ የእሷን ሥራ በመቀማት ተጠምዶ ነበር።

«አምሳለ!» ብላ ጮኸች፣ ላቧ በአገጯ እየተንጠባጠበ። «ድንጋዬን እንዳይነኩብኝ ንገሪልኝ!»

አምሳለ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣች። «ሰማችሁ? ድንጋዬን አትንኩብኝ ትላለች! ቀኗን ካልሠራች ከአገር ትወጣለች!»

ሁሉም ቀጥ አሉ። አንዳንዶቹ የቀሙትን ድንጋይ እንደያዙ ተያዩ። ከዚያ እትየ አገኘሁሽ እየተሽኮረመመች መጥታ፣ የወሰደችውን ድንጋይ ሲስተር ሉዝ እጅ ላይ መልሳ አስቀመጠችላት። ተዳፋቱ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ተሠራ። አራት ወንዶች አንድ ቋጥኝ ሊያንከባልሉ ሲታገሉ፣ ሲስተር ሉዝ ከኋላቸው ትከሻዋን ሰጥታ፣ የምታውቀውን አማርኛ ሁሉ ለቀቀችባቸው። «ግፊ! ግፊ! አይዞሽ! ተንፍሺ… አሁን ግፊ!» ወንዶቹ በሳቅ ጉልበታቸው ከዳቸውና ቋጥኙ ወደ ኋላ ሊመለስባቸው ነበር። በመጨረሻ ተንከባሎ ቦታው ሲገባ፣ ከሴቶቹ መሀል አንዷ «በቃ፣ በቃ፣ ወንድ ነው!» ብላ እልል አለች።

ረቡዕ ደግሞ ጠብ ተነሳ። ሲስተር ሉዝ ያደገችው ተራራው ከላይ እስከ ታች በካብ ተሸንሽኖ ሩዝ በሚዘራበት አገር ስለሆነ፣ ድንጋይ አያያዟ የዋዛ አልነበረም። አያ ደጅይጥኑ የካቡትን አይታ፣ ወደ ውስጥ ይበልጥ ማጋደል አለበት ብላ ሁለት ድንጋይ ነቀለች። አያ ደጅይጥኑ ሲናደዱ አማርኛው ስለማይበቃቸው ወደ ኽምጣንጋ ይገባሉ፤ ገቡበት። ካብ የካቡት ከእሷ እናት ልደት በፊት መሆኑን፣ ይሄ አፈር ውሃ ማቆር ሳይሆን ውሃ ማሳለፍ እንደሚወድ፣ ሩዝ የሚባለውንም ነገር በዚህ ተራራ ላይ ሲያበቅል ያየ ካለ እንዲነግራቸው፣ እጃቸውን እያወራጩ ተናገሩ።

«ምን አሉኝ?» አለች ሲስተር ሉዝ።

«ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግን… እናስብበት ብለውሻል።»

ሲስተር ሉዝ አያ ደጅይጥኑን አየቻቸው፤ ሽማግሌው ገና እጃቸውን አላወረዱም። ከዚያ አምሳለን አየቻት። «ያ ሁሉ ንግግር ይቺ ብቻ ናት?» ብላ ጎንበስ ብላ ድንጋይዋን አነሳች። አልተቆጣችም፤ ለአምሳለ ግን ከቁጣ ይልቅ ይሄ ፊቷን አጋላት። አፏ ከልማዱ አልወጣም ነበር። ድንጋዮቹስ? እሷ ዘወር ስትል አያ ደጅይጥኑ አንዱን ወደ ውስጥ ትንሽ ገፋ አድርገው ሞከሩት፤ ሌላኛውን እንደነበረ መለሱት።

እረፍት ላይ አምሳለ ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብትቆጥር ሒሳቡ አልገጥም አለ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ አራት ቀን ነው። ስምንት ይጎድላል። ዓርብ አመሻሽ ላይ ጌታሰው ቢሮውን ቆልፎ ይሄዳል፤ ተራራው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቢያዝን ቀን አይወለድ። ዓይኗ ውስጥ የሞላውን እንባ በክርኗ ስትጠርግ እትየ አገኘሁሽ አየቻት።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ስምንት ቀን ጎደላት፣ እትየ።»

እትየ አገኘሁሽ የያዘችውን ቂጣ ገምጣ እያላመጠች አሰበች። «እኔ ቀኔን ጨርሻለሁ። ዛሬ የመጣሁት እሷን ላይ ብዬ ነው። ጥሩሐረግም ጨርሳለች። እናትሽም። ታዲያ ወንፈል አናደርግላትም እንዴ?»

«ወንፈል?»

«ምነው፣ ወንፈል አታውቂም? ዓርብ ስምንታችን ብንወጣ የስምንት ቀን ሥራ ነው። ትመልሳለቻ! ነሐሴ ላይ የጤፍ አረም አለ፤ ለስምንታችንም አንድ አንድ ቀን።»

ጥሩሐረግ ከወዲያ ማዶ ሆና «ጤፉን ከአረሙ ትለየዋለች ወይ? ያን ጠይቁ መጀመሪያ!» ብላ ጮኸች።

አምሳለ ለሲስተር ሉዝ «ወንፈል»ን የምትገልጽበት የእንግሊዝኛ ቃል አልነበራትም። «ቀን ያበድሩሻል» አለቻት። «ገንዘብ አይደለም፣ ቀን። አንቺም ቀን ትመልሻለሽ።» ሲስተር ሉዝ ሳታስጨርሳት ራሷን በኃይል ነቀነቀች። እነሱ ተራራ ላይም እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ አባቷ የሌላ ሰው ሩዝ ሲያጭድ ውሎ፣ በማግስቱ ያ ሰው የእነሱን ሲያጭድ ታስታውሳለች። ወዲያው ተነስታ እትየ አገኘሁሽ ፊት ቆመችና እጇን ዘረጋችላት።

«ቆይ» አለች እትየ አገኘሁሽ፣ እጇን ሳትሰጥ። «ምትክ አልቀበልም። አዲስ አበባ ሄዳ ወረቀቷን አግኝታ፣ ለአረሙ ሰው ቀጥራ እንዳትልክብኝ። ራሷ ናት የምትመጣው። በዪ ንገሪያት።»

ይሄን አምሳለ አንድም ሳትቀንስ ነገረቻት። ሲስተር ሉዝ ሳቀች፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ዓርብ ስምንት ሴቶች ወጡ። የሺመቤት ከሁሉም ቀድማ ነበር የተገኘችው፤ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ አስራ። አምሳለ ከትምህርት ቤት እንደወጣች እየሮጠች ቀበሌ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሲስተር ሉዝ ቀድማ ደርሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ጓንቱም እያለ ተላልጠዋል።

ጌታሰው ደብተሩን ገለጠ። አራት ራይት። ከዚያ በኋላ ባሉት ስምንት ሣጥኖች ውስጥ ራይት የለም፤ በእያንዳንዱ ውስጥ በጣም በደቀቀ ጽሑፍ የሰው ስም አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ወንፈል ነው፣ ጋሼ። ማን እንደሠራላት ነው የጻፍኩት።»

«ዝም ብለሽ ራይት ብታደርጊው ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«እኔ አውቀው ነበር» አለች አምሳለ፤ ካለችው በኋላ አፈረች።

ጌታሰው መሳቢያውን ከፍቶ መመሪያውን አወጣ። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ነዋሪው ራሱ ወይም ምትኩ…» ብሎ ቆመ። ራሱን አከከ። «ምትክ ይላል። ስንት ምትክ እንደሆነ ግን አይልም።» ከዚያ ቀና አለ። «የእኛም አገር ሰው ወንፈል ይወጣል። እና በመጨረሻ የትኛውን መረጣችሁ? እንግዳ ናት ነዋሪ?»

«ነሐሴ ላይ የስምንት ሰው አረም አለባት።»

«በቃ፣ ነዋሪ ናት!» አለና ማኅተሙን አፉ ጋ አስጠግቶ እፍ ብሎ፣ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ድረስ መታው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ገና ስትፈነጥቅ አውቶቡስ ተራው በሰው ተሞልቶ ነበር። ረዳቱ «ወልድያ! ወልድያ!» እያለ ጣሪያው ላይ ዕቃ ይጭናል። ሲስተር ሉዝ ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከትታ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። የሺመቤት ስንቅ አቀበለቻት። ጥሩሐረግ ስማ ስማ አልጠግብ አለች። እትየ አገኘሁሽ ደግሞ ፊቷ በፈገግታ ተሞልቶ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«አምሳለ፣ እስኪ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ያ እሑድ እሑድ የምትጠብሰው ደረቅ ዓሣ ሰፈሩን ሊፈጀው ነው። ልጄ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚውል። ከአዲስ አበባ ሌላ እንዳታመጣ፤ ካመጣችም ከነፋሱ ወዲያ ሄዳ ትጥበሰው።»

ይሄን ሁሉ የተናገረችው እጇን እያውለበለበች ነው። ሲስተር ሉዝም እየሳቀች እጇን አውለበለበችላት፤ ከዚያ ወደ አምሳለ ዞረች።

«ምን አለችኝ?»

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ። «በሰላም ግቢ ብላሻለች» የሚለው አምሳለ ምላስ ላይ መጥቶ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ማንም ሳይጠራው፣ ለስልሶ፣ ጣፍጦ። አጭርም ነበር፤ ጊዜውም አልነበረም። የሲስተር ሉዝ ፊት ግን መስኮቱ ላይ ተደግፎ ይጠብቃታል፤ እንደ ሁልጊዜው የሚነግሯትን ሊያምን ተዘጋጅቶ።

አምሳለ ምላሷ ላይ ያለውን ዋጠችው። መንቀሳቀስ ከጀመረው አውቶቡስ ጎን እየሮጠች በእንግሊዝኛ ጮኸች፤

«መስኮቱን በደንብ ክፈቺው! ስለ ዓሣሽ ነው!»